የሁዳዴ አጥንት

ወለተሩፋኤል ያሰረችው ጠፍር ተበጥሶ አያውቅም። ለዚህም ከጎንደር አራዳ እስከ አዘዞ ያሉት አልጋዎች ምስክር ናቸው። አባቷ በመካነ ብርሃን የታወቁ አልጋ የሚጠፍሩ ሰው ነበሩ፤ ወንድ ልጅ ስላልነበራቸው የበሬ ቆዳ በቀጭኑ መሸንሸኑንና እርጥቡን ወጥሮ ማሰሩን ለእሷ አስተማሯት። ኋላ አንድ ደብተራ አግብታ ወደ ጎንደር ወረደች። ጣሊያን በወጣ በሦስተኛው ዓመት ባሏ ሲሞት ዘመዶቹ ተሰብስበው «እንግዲህ ጥጥ ፍተዪ፤ ለሴት የሚያምርባት እሱ ነው» አሏት። እሷ ግን የአባቷን ካራ ከግድግዳው አወረደች።

«የደብተራ ሚስት ከቆዳ ጋር!» እያሉ ያሟት ሰዎች፣ አልጋቸው ሲረግብ በጓሮ በኩል እየተደበቁ ይመጡባት ጀመር። በጓሮ የመጣውን ሁሉ «ዙርና በፊት ለፊት ና» እያለች ትመልሰዋለች። ደግሞም ዞረው ይመጡ ነበር።

ልጅ አልወለደችም። አብሯት የሚኖረው ቀለሙ የቀላ ውሻ ነው፤ ስሙንም ሸክላ ብላዋለች። ሸክላ አንድ ዐመል አለበት፦ እሷ ከሄደችበት አይቀርም። ገበያ ብትሄድ ገበያ፣ ለቅሶ ብትሄድ ለቅሶ። ቤተ ክርስቲያን ሲሆን ግን ነገሩ ሌላ ነው። ውሻ ከቅጽሩ ከገባ ደብሩ ረከሰ ይባላል፤ ጠበል ሳይረጭ አይቀደስበትም።

በ1945 ዓ.ም. ሁዳዴ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ሸክላ ተከትሏት ገባ፤ በዱላ አባረሩት። በሁለተኛው ሳምንት ቅዳሴው መሐል ላይ እስከ ቅኔ ማኅሌቱ ዘለቀና ጅራቱን እየቆላ በካህናቱ እግር መካከል ይፈልጋት ጀመር። ጠበል ተረጭቶ እስኪያበቃ ሕዝቡ ሁሉ ቆሞ ጠበቀ።

የደብሩን ሥርዓትና ንብረት የሚጠብቁት ገበዙ አባ ወልደ ዮሐንስ በሩ ላይ ያዟት።

«ሦስተኛ ጊዜ አይኖርም» አሏት። «አፍንጫው ከዚህ ደጃፍ ቢታይ ዘበኛው በጥይት ይለዋል። ሰማሽ?»

«ሰማሁ አባቴ። አይታይም።»

«ምን ዋስ አለሽ?»

«ጠፍሬ» አለች።

በማግሥቱ ጣሊያኖች የማኪና ዕቃ ያመጡበትን ትልቅ የርብራብ ሳጥን ከአራዳ ገዛች። ውሻው ዞሮ የሚተኛበት ስፋት አለው፤ ነፋስም ያስገባል። መዝጊያውን በአራት ቦታ በጠፍር ጠፈረችው፤ ኮርማ ቢጎትተው የማይበጠስ ጠፍር ነው። የሁዳዴ ቅዳሴ ከቀትር በኋላ ስለሆነ፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ «ደህና ዋል» ብላው ወጣች።

ቅዳሴው ሳይጋመስ ጎረቤቷ ሽታዬ ከሴቶቹ መሐል ተሽሎክልካ መጥታ በጆሮዋ ሹክ አለቻት። «እትዬ፣ ሸክላ መጥቷል! ከአጥሩ ውጭ ይዤ ወይራው ላይ በመቀነቴ አስሬዋለሁ።»

ቤት ሲመለሱ የሳጥኑ በር ወለል ብሏል።

«ምነው እትዬ፣ ጋኔን ይሆን የፈታው?» አለች ሽታዬ።

«የእኔን ቋጠሮ የሚፈታ ጋኔን ካለማ ይምጣና አልጋ ያግዘኝ።»

በሁለተኛው ቀን በስድስት ቦታ ጠፈረችው። ሸክላ ወጣ። በሦስተኛው ቀን ከእርጥብ ቆዳ አዲስ ጠፍር ሸንሽና እጥፍ አድርጋ አሰረችው። የዚያን ቀንማ ከወትሮው ቀድሞ ወጣ። ሁለቱንም ቀን ሽታዬ ከአጥሩ ውጭ ጠብቃ ባትይዘው ኖሮ አልቆለት ነበር።

«የዘንድሮ ሁዳዴ ቅዳሴዬ ሁሉ ውሻ ማሳደድ ሆነ» አለች ሽታዬ እያለከለከች። «ስሞት ምን ብዬ ልናገር ነው?»

ወለተሩፋኤል ከሳጥኑ አጠገብ ቁጢጥ ብላ የተበጠሰውን ጠፍር ትፈልግ ነበር። ጠፍር ሲበጠስ ሁለት ጫፍ ይተዋል። እዚህ ግን ቁራጭም የለም። ቀና ስትል ሸክላ ከንፈሩን እየላሰ ያያታል።

መሬቱ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። ዕድሜዋን ሙሉ ቆዳ ስትሸነሽን ጥንካሬውን እንጂ የሚበላ ነገር መሆኑን አስባው አታውቅም። ከቅበላ ወዲህ በቤቷ አጥንት አልገባም፤ በሰፈሩም የለም፤ ሁሉም ጾሟል። ውሻው የእንጀራ ፍርፋሪና የሽሮ እጣቢ እየላሰ ሰንብቷል። እሷ በር የዘጋች መስሏት ለካ ምሳውን ነበር በየቀኑ የምታስርለት።

መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥሎ ጎኑን ስትዳብሰው የጎድን አጥንቱ አንድ በአንድ በመዳፏ ሥር ተቆጠረ፤ ሳቋም ጠፋ።

«አንተ መቼ ጾምህ» አለችው። «እኛ ነን ያስጾምንህ።»

በሽታዬ ምክር መዝጊያውን በሽቦ አሰሩት። ሸክላ ሽቦውን ሲነክስ ድዱ ደማ። ወለተሩፋኤል ደሙን ስታይ ነጠላዋን አጣፋች፤ ሙስሊሞቹ ወደሚኖሩበት ወደ አዲስ ዓለምም ወረደች።

ሥጋ ሻጩ አያ ኑርየ ሲያዩዋት ቢላዋቸውን አስቀመጡ። «እመት፣ መንገድ ስተው ነው? ይህ እኮ የእኛ ሥጋ ነው።»

«አልሳትኩም አያ ኑርየ። ለውሻዬ ነው። ሥጋው ያልተላጠ ሸጋ አጥንት ይስጡኝ።»

«ሰው እንዳያይብዎ በቅጠል ልጠቅልለው?»

«ምነው፣ የሰረቅሁት ነው?»

አጥንቱን በገመድ አንጠልጥላ በቀትር ፀሐይ በአራዳ መካከል አለፈች። ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። አንድ ባለሱቅ ከደጃፉ «ወለተሩፋኤል ሰለመች!» ብሎ ጮኸ።

«አልሰለምሁም» አለችው ሳትቆም። «የአንተስ አልጋ መቼ ነው የሚረግበው?»

አባ ወልደ ዮሐንስ ከደብሩ በር ላይ ብድግ አሉ። «በሁዳዴ! ሥጋ! ያውም በአደባባይ!»

«በጓሮ መዞር አልወድም አባቴ።»

«ጾሙን ሻርሽው!»

«ጾሙ የእኔ ነው፤ አልሻርሁትም። እሱ አልተጠመቀ፣ አልቆረበ፣ ምን ብሎ ይጹም? ደጃፋችን አይታይ ብለዋል። እንዳይታይ የሚያደርገው ይህ ነው።»

«ከዚህ ሁሉ ውሻውን አታስወግጂውም?»

«አላስወግደውም።»

«ስትሞቺ የሚፈታሽ ቄስ አታገኚም!»

«ያኔ እንነጋገራለን» ብላ መንገዷን ቀጠለች።

ከዚያ ወዲያ በየሦስት ቀኑ በዚያው መንገድ ወርዳ በዚያው ተመለሰች። ሸክላ ሽቦውን ረሳው፤ አጥንቱን በሁለት እጁ ይዞ ሲያኝክ ውሎ እዚያው ያንቀላፋል። ሽታዬም ከቅዳሴዋ ታረቀች።

የሚያስፈራው የስቅለት ዕለት ነበር። ስግደቱ ከጧት እስከ ማታ ነው፤ ሸክላ ያን ያህል ብቻውን ውሎ አያውቅም። ወለተሩፋኤል ትልቅ ቅልጥም ሰጥታው ወጣች። ዘበኛው ጠመንጃውን ይዞ በሩ ላይ ተቀምጧል። እሷ ሰግዳ በተነሣች ቁጥር ዓይኗ ወደ በሩ ይሄዳል። ግንባሯ መሬት በነካ ቁጥር ደግሞ ጆሮዋ ጥይት ይጠብቃል። ፀሐይ ዞረች፤ አዘቀዘቀች። ዘበኛው አፉን ከፍቶ አዛጋና ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አንግቶ ተነሣ። ሸክላ አልመጣም።

በመጨረሻ ጥብጣብ ሆነ፤ ሰው በየተራ ጎንበስ ብሎ ጥፋቱን ይናገራል፣ ካህኑም በወይራ ቅጠል ጀርባውን መታ መታ አድርጎ የስግደቱን ቁጥር ይነግረዋል። የወለተሩፋኤል ተራ ከአባ ወልደ ዮሐንስ ፊት ወደቀ።

«ምን አጠፋሽ?» አሏት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። ከኋላ የቆመው ሁሉ ጆሮውን አቀና።

«በሁዳዴ ለውሻዬ አጥንት ገዛሁ።»

«ከማን?»

«ከአያ ኑርየ።»

«ጥፋትሽን አመንሽ?»

«መግዛቴን አምናለሁ።»

አባ ወልደ ዮሐንስ እጃቸውን አነሡ። ከዚያ የወይራው ቅጠል ጀርባዋ ላይ ጠበቅ ብሎ አረፈ። «መቶ ስገጂ።»

«ሁለት መቶ ያድርጉልኝ አባቴ።»

«ምነው?»

«የከርሞውንም ከወዲሁ ልስገደው ብዬ ነው» አለችና መቀነቷን አጥብቃ ከጥጉ ሄዳ መስገድ ጀመረች።