የወይራ ችካሎች

ልጄ ከጓደኞቹ ጋር ወጨጫ ተራራ ላይ ሊያድር ተነስቶ፣ ሰበታ ካለው ቤታችን ጓዳ ያንን አሮጌ ሸራ ጎትቶ አወጣው። እጥፉ ሲፈታ የናፍጣና የእርጥብ ሣር ሽታ ክፍሉን ሞላው። «አባዬ፣ ችካሎቹስ?» አለኝ። መጥረቢያዬን ይዤ ወደ ደጅ ወጣሁ።

ሸራው የአባታችን የጭነት መኪና ልብስ ነበር። አባታችን አርፈው መኪናው ሲሸጥ እናታችን ያስቀረችው እሱን ብቻ ነው። ያኔ ቡራዩ እንኖር ነበር። በእንቁጣጣሽ ማግስት፣ እታለም የምላት ታላቅ እህቴ ለሥራ ወደ ቤሩት ልትሄድ ጥቂት ቀን ሲቀራት፣ ሸራውን ጠቅልላ ጀርባዬ ላይ አሰረችና «ሳልሄድ አገሬን ከላይ ሆኜ ልያት» ብላ መንገድ አስጀመረችኝ።

የገፈርሳን ግድብ ዳርቻ ይዘን ሄድን። ውሃው የክረምቱን ዝናብ ጠጥቶ የባሕር ዛፎቹን እግር ነክቷል፤ ጭቃው ጫማዬን እየነጠቀ ያስቀርብኛል፤ እሷ ግን ጫማዋን በማሰሪያው አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ እንደ ታክሲ ረዳት «ወጨጫ! ወጨጫ! አንድ ሰው የቀረው!» እያለች በአደይ አበባው መሃል ትሮጣለች። እየሳቅሁ ስከተላት የሸራው ክብደት ይረሳኛል።

ተራራው ወገብ ላይ የገብስ ማሳቸውን የሚጠብቁ ኦቦ ቶሎሳ የሚባሉ ሽማግሌ አገኘን። «አከም ጅርቱ» ብለን ሰላም ስንላቸው ሸራውን አይተው፣ «እዚህ ልታድሩ ነው? ጅብ እኮ እንግዳ ይወዳል» አሉን።

«አይስጉ ኦቦ፣ ይሄ ወንድሜ አጥንት ብቻ ነው፤ ጅቡም ይታዘበናል» አለቻቸው።

ሽማግሌው እስኪያስላቸው ስቀው መጥረቢያቸውን አዋሷት። ከማሳው በላይ ወጥተን፣ ከወደቀ የወይራ ቅርንጫፍ አራት ችካሎች ጠርባ ሸራውን ሣሩ ላይ ወጠረችው። ጀንበሯ ስትጠልቅ የሰበታ መብራቶች ከበታችን አንድ በአንድ ሲበሩ፣ ጉልበቷን አቅፋ ዝም ብላ አየች። እታለም ዝም ስትል ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

ጠዋት ችካሎቹን ልነቅል ጎንበስ ስል እጄን ያዘችኝ። «ተዋቸው። የዛሬ ዓመት ስንመጣ ሸራውን ብቻ ነው የምንሸከመው።»

«ቢበሰብሱስ?»

«ወይራ እኮ ነው፤ ቶሎ አይበሰብስም።»

ከቤሩት መጀመሪያ መጀመሪያ ትደውል ነበር። ስልኩን ልትዘጋ ስትል «ችካሎቻችን አሉ?» ብላ ትስቃለች። ቀስ በቀስ ድምፅዋ እየራቀ ሄደና አንድ ጊዜ ጨርሶ ቀረ። አለች ወይም የለችም የሚለን ሰው ጠፋ። መርዶ ስላልመጣ ለቅሶ አልተቀመጥንም፤ እናቴ በር በተንኳኳ ቁጥር ቀና እንዳለች፣ ለልጇ ጥቁር ሳትለብስ አረፈች።

እኔ ትምህርቴን አቋርጬ፣ የማውቀውን ሁሉ ያወቅሁት አሮጌ መጻሕፍት እየፈለግሁ ብቻዬን በማንበብ ነው። ልጆቼ ክፉ አባት እንደሚሉኝ አውቃለሁ። በቤቴ «የዛሬ ዓመት» የሚባል ቀጠሮ የለም፤ የጀመራችሁትን ጨርሱ፣ የዘረጋችሁትን ሰብስቡ እላለሁ። ሰው በእጁ ያለው ዛሬ ብቻ ነውና አሁንም ይህንኑ እላለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን እኔው ራሴ አልቻልኩበትም። ተራራው ከደጄ ይታያል። አንድ ቀን ችካሎቹን ልነቅል ተነስቼ፣ ኦቦ ቶሎሳን ያገኘንበት ማሳ ድረስ ወጣሁ። ማሳው በግንብ ታጥሯል፤ ሽማግሌውን የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም። ከዚያ በላይ እግሬ እምቢ አለ፤ ብነቅላቸው የእህቴን መርዶ በገዛ እጄ የማረዳ መሰለኝ።

ከጓሮ ባሕር ዛፍ ቆርጬ ለልጄ አዲስ ችካሎች ጠረብኩለት። «ስትመለሱ ነቅለህ አምጣቸው፤ አንድም እንዳትተው» አልኩት። ሸራውን ተሸክሞ በሩ ላይ ሲደርስ ግን ጠራሁት።

«ላይ ሣሩ ውስጥ አሮጌ የወይራ ችካሎች ካገኘህ...»

«ምን ላድርጋቸው አባዬ?»

«አትንካቸው» አልኩት።