እጅ በማውጣት

ጡንቻችን እየሰለለ ያስቸገረን ዘጠኝ ሰዎች፣ እንደ እኛ ያሉትን የሚረዳ ማኅበር ልናቋቁም አምቦ ላይ ተሰበሰብን። ኦቦ ቶላ ከጎጆ ከተማ ድረስ የመጡት በወንድማቸው ጀርባ ታዝለው ነው። እኔ ቃለ ጉባኤ ያዥ ተደረግሁ፤ ክንዴ ከትከሻዬ አልነሳ ቢልም ጣቶቼ ገና ይጽፋሉ።

ፈቃድ ለማግኘት ታዛቢ የግድ ነበርና ፈቃድ ሰጪው ቢሮ አንድ ባለሙያ ላከልን። ከረባቱ ያማረ፣ ደንቡን በቃሉ የሸመደደ ሰው ነው። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ስለ በሽታችን አስረዳን። እኛም «ለካ እንዲህ ነው የሚያመን!» ብለን ሰማነው።

በመጨረሻ «ማኅበሩ እንዲመሠረት የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ» አለ።

እርስ በርስ ተያየን። ኦቦ ቶላ በትሕትና «ጌታዬ፣ እዚህ የመጣነው እኮ እጃችን አልነሳ ብሎን ነው። በአፋችን ብንደግፍስ?» አሉት።

«ኦቦ፣ ደንቡ የሚለው እጅ በማውጣት ነው። በአፍ የሚባል ነገር የለም።»

«እንግዲያው ወንድሜ እጄን ያንሳልኝ?»

«እሳቸው አባል አይደሉም።»

አንድም እጅ አልተነሳም። ስብሰባ የማናውቅ ሰዎች መስለነው ነው መሰል፣ ትዕግሥቱ አለቀ። ከወንበሩ ተነስቶ ቀኝ እጁን ወደ ጣሪያው ቀጥ አድርጎ ዘረጋና «ይኸው፣ እንዲህ ነው! ይሄ ምን ይከብዳል?» አለ።

እኔም እንደ እሱ ደንብ አክባሪ ነኝና ያየሁትን ጻፍኩ፦ «የደገፈ፣ አንድ። የተቃወመ፣ የለም። በአብላጫ ድምፅ ጸድቋል።»

ሳያነብ ፈረመበት፤ ቢሮውም ማኅተም መታበት። እስከ ዛሬ በሕግ የሚታወቀው የማኅበራችን ብቸኛ መሥራች፣ ጡንቻው ደህና የሆነው ያ ሰውዬ ነው።