የአባቴ ሬዲዮ ድንጋዮች

ወለጋ፣ ዲጋ ያለው ቤታችን የኢንተርኔት መስመር ስላልገባለት፣ ስልኬን ኔትወርክ የሚይዝበት መስኮት ላይ አስቀምጠን ሁላችንም ከእሱ ዳታ እንጠቀማለን። ትናንት ፀሐይ መትቶት ሳነሳው፣ የጋለው ፕላስቲክ ሽታ የአባቴን ሬዲዮ አስታወሰኝ።

በደርግ ጊዜ ነው። ታላቅ ወንድሜ ገመቹ ከዘመተ ወዲህ፣ እሁድ እሁድ የወታደሮች ሰላምታ ሲነበብ ነፍሰ ጡር እናቴ ከሬዲዮው አትለይም ነበር። አንድ እሁድ ሬዲዮው ዝም አለ።

«የባትሪ ድንጋዩ አልቋል» አለ አባቴ።

«ግዛ እንጂ!» አለች እናቴ።

«ከነቀምቴ አልመጣም አሉ።»

ድንጋይ ፀሐይ ሲያገኝ ትንሽ ነፍስ ይዘራል። ስለዚህ አራቱን በየቀኑ መስኮት ላይ እያሰጣሁ አገላብጣቸው ጀመር። አባቴም «በርታ፣ ኢልማ ኮ፣ ልጄ!» ይለኛል።

በሦስተኛው ሳምንት የአባቴን ኮት ከሚስማሩ ሳወርድ ከበደኝ። ኪሱ ውስጥ አራት ደህና ድንጋዮችና ማኅተም ያለበት የታጠፈ ወረቀት አገኘሁ። ገና ፊደል አልቆጠርኩም ነበር።

«አባ፣ ዋሸኸን!»

አፌን በመዳፉ ከደነው። «ቀስ በል! እናትህ እስክትገላገል ብቻ ነው» አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም። በማግስቱ ግን የሞቱትን ድንጋዮች መልሼ እንዳሰጣ አዘዘኝ።

«ዛሬስ ሞቁ?» አለች እናቴ።

«ትንሽ ቀራቸው» አልኳት።

እናቴ የገመቹን መርዶ የሰማችው እህቴ ከተወለደች በኋላ ነው። አባቴን፣ እኔንም ስላስዋሸኝ፣ እስከ ዛሬ ተቀይሜዋለሁ።

ትናንት ስልኩን እንደያዝኩ፣ አሁን ያረጀችው እናቴ ከመደቡ ላይ ሆና «ሞቀ እንዴ?» አለችኝ። ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።