መደቡ ላይ ያለችው ቀዳዳ

ጎረቤቶቻችን ሰሞኑን ቤታቸውን እያስመረጉ ነው። የተቦካው ጭቃና ጭድ ሽታ አጥር ተሻግሮ ሲመጣ፣ የካ ሚካኤል አጠገብ በነበረው ቤታችን ወንድሜ ኃይሉ የሳሎኑን መደብ ከውስጥ ፈልፍሎ ላዩን መልሶ የመረገበት ክረምት ይታወሰኛል።

የአሰሳ ዘመን ነበር። ኃይሉ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስለነበር የቀበሌው አብዮት ጥበቃዎች ይፈልጉታል፤ በመጡ ቁጥር መደቡ ውስጥ ገብቶ ይተኛል፣ እናቴ መግቢያውን በጭቃ ትደፍንበታለች። አየር የሚያገኘው በራስጌው በኩል ወደ ላይ በተበሳች፣ አውራ ጣት በምታህል ቀዳዳ ብቻ ነበር። እኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ እንዳልፈራ ብሎ ነገሩን ጨዋታ አደረገልኝ።

«እኔኮ ዶልፊን ነኝ።»

«ዓሣ ነህ?»

«የምን ዓሣ። ዶልፊን እንደኔና እንዳንቺ ሳንባ አላት፣ ልጇን ጡት ታጠባለች። የምትተነፍሰው አናቷ ላይ ባለች ቀዳዳ ነው፤ ስትጠልቅ ትዘጋታለች፣ አየር ሲያጥራት ትወጣለች። ስትተኛ እንኳ ግማሽ አንጎሏ ነቅቶ ይጠብቃታል።» ከዚያ ሳቁን ተወ። «ቀዳዳዋ ላይ ሰው ከተቀመጠ ውሃ ድፊበት፣ ይነሣል። ነቅቶ የሚጠብቀኝ ግማሽ አንጎሌ አንቺ ነሽ።»

አንድ ቀን ረፋድ ላይ መጡ። አልጋ ገለበጡ፣ ቆጥ በረበሩ፣ ምንም አላገኙም። ሊወጡ ሲሉ፣ ቤቷ የገባ ሰው ሳይቀምስ ወጥቶባት የማያውቀው እናቴ አፏ አመለጣት።

«እንዴ፣ ሳትቀምሱ? ቁጭ በሉ እንጂ።»

አዛዡ ጋሽ ታደሰ የትምህርት ቤት ልብሴን የሰፉልኝ የሠፈራችን ልብስ ሰፊ ነበሩ። «የእጅሽ ሙያማ አይታለፍም» አሉና ከነካፖርታቸው መደቡ ላይ፣ ልክ ቀዳዳዋ ላይ፣ ተደላድለው ተቀመጡ።

የእናቴ ፊት አመድ መሰለ። እኔ ውሃ የሞላ ማንቆርቆሪያ ይዤ፣ ላስታጥባቸው ፊታቸው ቆሜያለሁ።

«ይቺ ልጅ ዛሬም ቀና አትልም? ኧረ እኛ አንበላሽም» ብለው ሳቁ።

አፈርኩ። ታላቅ ሰው ላይ፣ ያውም እንግዳ ላይ፣ እንዴት ውሃ ይደፋል? አንዲት ጠብታ ሳላንጠባጥብ አስታጠብኳቸው።

እንጀራ ሲደገምላቸው ከሥራቸው መደቡ ተንኳኳ፤ መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ከዚያ በጡጫ።

ኃይሉን ጭቃ እንደለበሰ፣ አፉን ከፍቶ አየር እየዋጠ አወጡት። ወሰዱት፣ አልተመለሰም። ዛሬ በዕድሜ በልጬዋለሁ።

እናቴ ከዚያ ወዲህ ሊሄድ የተነሣን ሰው «ቁጭ በል» ብላ አታውቅም። «ልጄን የበላው አፌ ነው» እያለች ስታለቅስ ጎረቤቶች ያጽናኗታል። እኔም አብሬ አጽናናታለሁ። ስለ ውሃው ግን እስካሁን አልነገርኳትም።