ቀን የሚጠይቀው ኮምፒውተራችን

ባለፈው ሳምንት አንድ ሰዓት ጠጋኝ የእጅ ሰዓቴን ጀርባ ከፍቶ ሳንቲም የምታህል ባትሪ በጥፍሩ ብድግ ሲያደርግ የልጅነቴ ኮምፒውተር ትዝ አለኝ። ያቺን የምታህል ባትሪ አንድ ክረምት ሙሉ ቤታችንን አተራምሳው ነበር። እኔንም እስከ ዛሬ ያልለቀቀኝ ቅናት አስይዛኛለች።

አባቴ መሪጌታ ናቸው። ላሊበላ ውስጥ ባሕረ ሐሳብ ያስተምራሉ፤ ጾሙ መቼ እንደሚገባ፣ ፋሲካ በየትኛው ቀን እንደሚውል የሚቀመርበትን ትምህርት ማለቴ ነው። ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ሆቴል ውስጥ የሚሠራ አንድ የቀድሞ ተማሪያቸው ሆቴሉ የጣለውን አሮጌ ኮምፒውተር በባጃጅ ጭኖ አመጣላቸው። እናቴ ጥልፍ አለበሰችው። ሲበራ እንደ ወፍጮ ያጓራል፤ ትንሽ ከቆየ ደግሞ የጋለ አቧራና የፕላስቲክ ሽታ ቤቱን ይሞላዋል። ያን ሽታ እወደው ነበር።

በዚያው ዓመት የአባቴ እህት ልጅ እታገኝ ከፍላቂት ለትምህርት መጥታ እኛ ቤት ገባች። አንድ ክፍል እንማር፣ አንድ አልጋ ላይ እንተኛ ነበር። ኮምፒውተሩን እስክትነካው ድረስ እወዳትም ነበር።

ኮምፒውተሩ ሲበዛ ቀርፋፋ ነው። አንድ የኢንተርኔት ገጽ ክፈት ብለነው ውኃ ቀድተን ስንመለስ ገና እያሰበ ይጠብቀናል። ያው የአባቴ ተማሪ «እንዲፈጥን ራም ይጨመርለት» ብሎ ከወልድያ አስመጣልን። ካቻቢቴ ተውሰን ሲፒዩውን ከፈትንና ራሙን ሰካነው። ስክሪኑ ጥቁር እንዳለ ቀረ፤ ውስጡ ብቻ ጢጥ ጢጥ ይላል። ያን ጊዜ የኮምፒውተር መምህራችን የነገሩን ትዝ አለኝና የራሙን ቢጫ ጥርሶች በላጲሴ ፈተግኳቸው። መልሳ አስገብታ ቀጭ እስኪል በአውራ ጣቶቿ የተጫነችው ግን እታገኝ ነበረች። ስክሪኑ ቦግ ሲል አባቴ ወደ እሷ ዞረው «እጅሽ ይባረክ» አሏት። ላጲሱ የእኔ፣ ቤቱ የእኔ፣ አባትየውም የእኔ፤ ምርቃቱ የእሷ።

ደስታውም አልበረከተም። ኮምፒውተሩ ፈጠነ፣ ገጾቹ ግን በእንግሊዝኛ ማስጠንቀቂያ እየጻፉ አንከፈትም አሉ። ራሙን አወጣነው፣ መለስነው፣ ቦታ ቀየርንለት፤ ላጲሴም አለቀ። በዚያ ላይ ያቺ ሳንቲም የምታህል የውስጥ ባትሪ ስለሞተች መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ኮምፒውተሩ ቀኑን ይረሳና ይጠይቃል። ቀን የሚሞሉለት አባቴ ነበሩ። ባሕረ ሐሳብ አስተማሪ ባለበት ቤት ሌላ ማን ሊሞላ ነው? መነጽራቸውን አጥልቀው ዓመተ ምሕረቱን፣ ወሩን፣ ቀኑን በጥንቃቄ ይጽፋሉ። መስከረም አንደኛ ወር፣ ጥቅምት ሁለተኛ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ከሆነ ሦስት ብለው ይጽፋሉ። ተሳስተዋል የሚል ሐሳብ ወደ ማናችንም ጭንቅላት አልመጣም።

ጳጉሜን ስትገባ ነገሩ ፈነዳ። አባቴ የወሩ ቦታ ላይ አሥራ ሦስት ብለው ጻፉ፤ ኮምፒውተሩ አልቀበልም አለ። ደግመው ጻፉ፣ እንቢ አላቸው።

«ይኼ ዕቃ ወር ይጎድለዋል» አሉ በንቀት።

«ራሙ ይሆናል፣ ላውጣው አባባ?» አልኩ እኔ ካቻቢቴውን ይዤ።

እታገኝ ጥግ ቆማ ስታይ ቆየችና «አጎቴ፣ ይኼ የፈረንጅ ዕቃ አይደል? በእነሱ አቆጣጠር ዛሬ ስንት ነው?» አለቻቸው።

አባቴ በጣታቸው አንጓ ላይ ትንሽ ቆጠሩና ነገሯት። ጻፈችው። ቀኑ ሰባት ዓመት ከምናምን ወደፊት ዘለለ፣ አልከፈት ያለን ገጽም ቀኑ ሲስተካከልለት ወለል ብሎ ተከፈተ። አባቴ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «ለካስ ምስኪኑን ወደ ኋላ ስንጎትተው ነው የከረምነው» አሉ። እሷ ግን አልሳቀችም። «ቀኑን በጣትዎ እንዴት አወቁት?» ብላ ጠየቀች። አባቴ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው አጠገባቸው አስቀመጧት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እታገኝ አጎቴ ማለቱን ትታ እንደ ቆሎ ተማሪዎቹ «የኔታ» ትላቸው ጀመር። ከሰዓት በኋላ የክረምቱ ማብቂያ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ እነሱ መደቡ ላይ አበቅቴና መጥቅዕ እያሉ ሲቀምሩ፣ እኔ ጓዳ ሆኜ የታጠበ ዕቃ እንደገና አጥባለሁ። ትምህርቱ ለወንዶች ብቻ የተሰጠ ይመስለኝ ስለነበር ተመኝቼው እንኳ አላውቅም ነበር። ለእሷ ሲሰጣት ሳይ ቀናሁ፤ ሆዴን እስኪቆርጠኝ ቀናሁ። እናቴም ትል መስሏት መድኃኒት አጠጣችኝ።

ዛሬ ኮምፒውተሩ የለም። ስልካችን የእኛንም የፈረንጆቹንም ቀን አጣምሮ ያሳያል፤ ቤታችን ውስጥ ቀን የሚጠይቅ ዕቃ ጠፍቷል። እታገኝ ደሴ ትሠራለች፣ እኔ ከአባቴ ጋር ነኝ። ዓይናቸው ደክሟል። በየዓመቱ ጳጉሜን የመጪውን ዓመት ጾምና በዓል ይቀምሩና «እስቲ እታገኝን አገናኚኝ፣ ታመሳክርልኝ» ይሉኛል። የማበላቸው እኔ፣ የምደውልላቸው እኔ፣ እስኪጨርሱ ስልኩን ጆሯቸው ላይ የምይዘውም እኔ።

ዘንድሮ ብደውል ብደውል አላነሳችም። አባቴ ቅር አላቸው።

«አንቺ እንኳ አታውቂውም?» አሉኝ።

«አላስተማሩኝም» አልኳቸው። እንደ ሰባተኛ ክፍል ልጅ አኮረፍኩ።

«አልጠየቅሽኝም እኮ ልጄ» አሉ። «ጓዳ ሆነሽ ስትሰሚ አውቅ ነበር። መጥተሽ ትቀመጫለሽ ብዬ ጠበቅኩሽ።»

ያን ሁሉ ዘመን በአንድ ጥያቄ ብቻ ነበር የተቀደምኩት። መናደድም ማልቀስም አማረኝ። በርጩማውን ስቤ አጠገባቸው ተቀመጥኩና ከየት እንደሚጀመር ጠየቅኳቸው። እጄን ያዙ፤ አውራ ጣቴን በሌባ ጣቴ የመጀመሪያ አንጓ ላይ አስቀመጡልኝ። ልክ መቁጠር ስንጀምር ስልኩ ጮኸ። እታገኝ ነበረች።

«የኔታ እያስተማሩ ነው፤ ኋላ ደውይ» አልኳትና ዘጋሁት።