ዝም ያላለችው ተኳሽ

ሥራዋን ለሚጠይቃት ሁሉ «ተኳሽ ነኝ» ትል ነበር። ሰውየው ደንገጥ ሲል ትስቅና፣ «አይዞህ፣ የምተኩሰው ሸሚዝ ብቻ ነው» ትለዋለች። በአንድ ላውንደሪ የኋላ ክፍል፣ የእንፋሎት ካውያ ፊት ቆማ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተኩሳለች። መጀመሪያ አንገትጌ፣ ከዚያ እጅጌ፣ ከዚያ ጀርባ፤ እጇ ሳታስበው ይሄዳል፣ አፏ ደግሞ ይዘምራል። ድምፅዋ ከእንፋሎቱ ፉጨት በላይ ወጥቶ መንገድ ድረስ ይሰማ ነበር። የሰፈሩ ሰው ስሟን ትቶ «ራዲዮ» ያላት በዚህ ነው። ጠዋት ጠዋት ፊት ለፊት ያለው ጫማ ሰፊ «ራዲዮ ተከፈተች» ይልና መዶሻውን ያነሣል።

ድምፅዋ ከሁሉ ነገር የተረፋት ነበር። ነርስ ልትሆን ትምህርት ጀምራ፣ ሁለተኛው ዓመት ላይ እናቷ አልጋ ያዘች። ትምህርቱን ትታ አራት ዓመት አስታመመቻት፤ እናትየው አልተነሣችም። ቀጥሎ ስድስት ዓመት የጠበቀችው እጮኛ፣ ለሥራ ርቆ በሄደበት ሌላ ማግባቱን በወንድሙ አስነገራት። ራሱ እንኳ ሊነግራት አልደፈረም። ያን ሳምንት ስታለቅስ ሰነበተች፤ እሑድ ግን ዓይኗ እንዳበጠ ከመዘምራኑ መሀል ቆማ ዘመረች።

«የተወኝ እሱ ነው፤ እግዚአብሔርን ምን በወጣው እተወዋለሁ?» አለች ለታናሽ እህቷ።

እህቷ መድኃኒት ቤት ትሠራለች፤ የሚኖሩት በአንድ ቤት ነው። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ደርሳ አታውቅም። «እኔ ከእሱ ጋር ጨርሻለሁ» ትላለች፣ ስለ ቀድሞ አከራይ የምታወራ ይመስል።

ተኳሿ አርባ አንድ ዓመት ሲሆናት አንገቷ ላይ እብጠት ወጣ። እንቅርት ነው ተባለችና በቀዶ ሕክምና ወጣላት። ስትነቃ እህቷን ውኃ ልትጠይቅ አፏን ከፈተች፤ ከተቀደደ ኳስ እንደሚወጣ ያለ አየር ብቻ ወጣ። ሐኪሙ አልዋሸም። ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ።

«የድምፅዎ ነርቭ ተጎድቷል» አላት። «ሻከር ባለ ድምፅ ይናገራሉ። እንደ ድሮው ግን አይመለስም።»

ከሆስፒታል በወጣች ሰሞን፣ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ በዚያው በሻከረ ድምፅ ጸለየች። እህቷ ከበሩ ወዲያ ሆና ትሰማታለች።

«ትምህርቴ ቀረ፣ እሺ አልኩ። እናቴን ወሰድክ፣ እሺ አልኩ። ያንን ሰውዬ ወሰድክ፤ እሱንስ ደግ አደረግህ። ይህን ግን እሺ አልልም። ቅር ብሎኛል። ቅር እንዳለኝ ፊት ለፊት እነግርሃለሁ እንጂ ዞሬ አላማህም።»

እህቷ በሩን ገፋ አድርጋ ገባች። «እትዬ፣ እንደዚህ ከተቀየምሽው ለምን አትተይውም?»

«አንቺ ስንቴ ተቀይመሽኛል?»

«ብዙ ጊዜ።»

«ታዲያ ቤቱን ለቀሽ ሄድሽ?»

እህቷ ተቆጥታ ወጥታ፣ ሾርባ ይዛ ተመለሰች።

ሊጠይቋት ከመጡት አንዱ፣ በጸሎቱ የታወቀ አንድ ሽማግሌ ነበር። ከተቀመጠ በኋላ ጉሮሮውን ጠርጎ «የተሸሸገ ኃጢአት ካለ ተናዘዢ፣ ልጄ። ድምፅሽ ያን ጊዜ ይመለሳል» አላት።

ተኳሿ ተነሥታ በሩን ከፈተችለት። «ኃጢአትማ አለኝ፣ አባባ። እርስዎም አያጡም። የእርስዎ ድምፅ ግን ይኸው ጎረቤት ድረስ ይሰማል» አለችው።

ወደ ሥራ ስትመለስ ጫማ ሰፊው «ራዲዮ፣ ባትሪ ጨረስሽ እንዴ?» አላት። ክፉ አስቦ አልነበረም። «ባትሪውስ ሙሉ ነው፤ የተበላሸው ስፒከሩ ነው» ብላው ገባች። ካውያው ፊት ስትቆም ግን ክፍሉ ጭር ብሎ ጠበቃት። ሦስት ሸሚዝ በዝምታ ተኮሰች። አራተኛው ላይ እንባዋ አንገትጌው ላይ ጠብ አለ፤ በካውያው አደረቀችውና መዘመር ጀመረች። ዘይት ያልነካው የብረት በር ሲከፈት የሚያወጣው ድምፅ ነበር። የላውንደሪው ባለቤት ብቅ ብላ አየቻትና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

እሑድ የመዘምራን ልብሷን ለብሳ ቦታዋ ላይ፣ ሁለተኛው ረድፍ ከግራ ሦስተኛ ቆመች። የመዘምራኑ መሪ ሲያያት ግራ ገባው፤ ግን ሰዓቱ ደርሷል። ዝማሬው ከፍ ባለበት ጊዜ አልተሰማችም። ዝግ ያለው ክፍል ላይ ሲደርሱ ግን ያ ድምፅ ብቻውን ወጣ። አንዲት ልጅ ሳቀች። ከፊት የተቀመጡት አንገታቸውን አቀረቀሩ። መሪው ዓይኑን አፈጠጠባት። እሷ እስከ መጨረሻው ዘመረች።

ሲያበቃ መሪው፣ ልብስ በሚቀየርበት ጠባብ ክፍል ሰው እስኪወጣ ጠበቃት።

«እህቴ፣ አገልግሎት በብዙ መንገድ ነው። ለምሳሌ የመዘምራኑን ልብስ ብትተኩሺልን…»

«ጋሼ፣ እሱን ስተኩስላችሁ ኖሬአለሁ። በዚያ ላይ እዘምራለሁ።»

«ሕዝቡ ይረበሻል እኮ!»

«ይረበሻ! ይህን ሁሉ ዓመት ሲያደንቅ ኖሯል፤ አሁን ትንሽ ቢረበሽ አይሞትም። የምዘምረው ድምፄ ስለሚያምር ይመስልዎት ነበር?»

መሪው መሬት መሬት አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ «ልብሱን አስረክቢ» አላት። አውልቃ፣ እንደ ሙያዋ ጥርት አድርጋ አጥፋ ሰጠችው።

በሚቀጥለው እሑድ የሥራ ቀሚሷን ለብሳ የመጀመሪያው አግዳሚ ላይ፣ ልክ ከመሪው ጀርባ ተቀመጠች። ከአግዳሚ ማንም ሊያስነሣት አይችልም። መዘምራኑ ሲጀምሩ ጀመረች። በሚቀጥለውም፣ ከዚያ በሚቀጥለውም እንዲሁ። አንዳንዱ ገላመጣት፤ አንዳንዱ ቦታ ቀየረ። ቤቷ ስትመለስ አንዳንድ ቀን ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋ ላይ ትወድቃለች። «ደክሞኛል» ትላለች ወደ ጣሪያው። «ነገር ግን እመጣለሁ።»

ሁለተኛው ወር ላይ እህቷ ኮቷን ደርባ ተከተለቻት።

«ወዴት ነው?» አለች ተኳሿ።

«አምኜ እንዳይመስልሽ። የሚስቅብሽን ሰው መልኩን ልየው ብዬ ነው።»

አጠገቧ እጇን አጣምራ ተቀመጠች። ከኋላ የታፈነ ሳቅ ሲሰማ ዞራ አፈጠጠች፤ ሳቁ ቆመ። ከዚያ ወዲያ አልፎ አልፎ ትመጣ ጀመር። አትዘምርም፣ አትጸልይም፤ ዘብ ትቆማለች።

ከአምስት ወር በኋላ፣ አንድ ቀን ከምሳ በፊት፣ መሪው ላውንደሪው መጣ። ሁለት ሸሚዝ መደርደሪያው ላይ አስቀምጦ ቆመ። የላውንደሪው ባለቤት ደረሰኝ ከቆረጠችለትም በኋላ አልሄደም። ተኳሿ ከኋላ ክፍል ወጣች።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አላት። «እንደማይመለስ ታውቂያለሽ አይደል?»

«ሐኪሙ ነግሮኛል።»

«ታዲያ በምን ጉልበት ነው?»

«በንዴት» አለች። «ደግሞም እወደዋለሁ፣ ጋሼ። ምን ላድርግ? ተናድጄም እወደዋለሁ።»

መሪው የሸሚዙን ቁልፍ ሲነካካ ቆየ። «በድዬሻለሁ» አለ በመጨረሻ። «ቦታሽ ባዶ ነው። ተመለሺ።»

«ሸሚዙ ሐሙስ ይደርሳል። መዘምራን ውስጥ የምገባው ግን ከእነድምፄ ነው። ዝግ ያለው ክፍል ላይ ‹አፍሽን ብቻ አንቀሳቅሺ› የሚለኝ ካለ ከአሁኑ ይንገረኝ።»

«ማንም አይልሽም።»

«እርስዎስ?»

መሪው ሳይወድ በግድ ሳቀ። «እኔም አልልም።»

በዚያው ሳምንት እሑድ ከጓደኞቿ መሀል ቆመች። ዝግ ያለው ክፍል ደረሰ፤ ያ ድምፅ ወጣ፤ ዝማሬውን በደንብ አበላሸው። መሪው ጥርሱን እንደሚያመው ሰው ፊቱ ተኮማተረ። ምት የሚመታው እጁ ግን አላቆመም። አግዳሚው ላይ እህቷ ወደ ኋላ ዞራ፣ የሚስቅ ካለ አንድ በአንድ ታይ ነበር።