አባቴ ያስተማረኝ ሦስት ስሞች

ባለቤቴ ከማረፉ በፊት አብረን የሠራነው የመጨረሻ ሥራ የእጅ ጋሪያችንን የጎማ ዘንግ ግራሶ መቀባት ነበር። የተጠቀምንበትን ጨርቅ እስካሁን አላጠብኩትም። ትናንት ሳነሳው ከግራሶው ጋር የአባቴ የሥራ ልብስ ሽታ መጣብኝ።

አባቴ አቃቂ ባቡር ጣቢያ የሐዲድ ጠጋኞች አለቃ ነበር። አንድ ክረምት ማታ ወንዙ ሞላና እሱና ሠራተኞቹ ድልድዩን ሊያዩ ተጠሩ። አባቴ ካፖርቱን እንደለበሰ አጠገቤ ቁጢጥ አለ።

«እኛ እግዚአብሔር እንላለን። ባልደረባዬ አሊ አላህ ይላል። ቶላ ደግሞ ዋቃ ይላል።»

«ትክክለኛው የቱ ነው፣ አባባ?»

አሊ ከደጅ ጮኸ፤ «አለቃ፣ ስብከቱን ለእሁድ ያቆዩት! ወንዙ አይጠብቀንም!»

አባቴ አልሳቀም። «እነዚህን ስሞች እየጠሩ የሚመጡ ሰዎች የእኔ ሰዎች ናቸው። እናትሽ ብትፈራ፣ አንቺ ክፈቺላቸው።»

«ለልጅ እንዲህ ያለ ነገር ይነገራል?» አለች እናቴ፤ ዞራ ግን አላየችውም።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ በራችን ተንኳኳ። በዚያ ሰዓት ተሰብስቦ የሚመጣ ሰው መርዶ ነጋሪ ነውና እናቴ መወርወሪያውን በሁለት እጇ ይዛ አልከፍትም አለች። ከውጭ ብዙ እግር ጭቃውን ሲረግጥ ይሰማል። አንዱ «እግዚኦ» አለ። አሊ «ያ አላህ» አለ። ቶላም «ያ ዋቃ» ሲል ሰማሁ። የአባቴን ድምፅ ጠበቅኩ፤ አልመጣም። ሰባት ዓመቴ ነበር። የእናቴን ጣቶች አላቅቄ በሩን ከፈትኩ።

አሁን ሦስቱን ስሞች ለልጅ ልጆቼ አስተምራለሁ። እኔ ለምን እንደተማርኳቸው ግን አልነግራቸውም።